የነፋስ አምባና የአርዛኑ ስም

የነፋስ አምባ በሚመረቅበት ቀን፣ ፀሐይ የጦር ቁመት ያህል ከፍ ስትል፣ ዕንቁው ከማማው ላይ የለም ተባለ።

ዕንቁው የበሬ ራስ የሚያህል፣ በጉም ውስጥ የሚያበራ ሰማያዊ ድንጋይ ነበር። አርዛኖች፣ አርባ አርባ መንገደኛ የሚሸከሙት የዘምራ መንግሥት ታላላቅ አሞራዎች፣ ያለ እርሱ ብርሃን መሬት አይረግጡም። የዘምራ ሰዎች አምባውን ሰባት ዓመት የደለደሉት፣ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ መንገደኛ እዚያ ወርዶ ከአርዛን ወደ አርዛን እንዲሸጋገር ነው። አሁን ስምንት አርዛኖች መንገደኞቻቸውን እንደያዙ ከጉሙ በላይ ይዞራሉ። የክንፋቸው ጉልበት ከቀትር አያልፍም።

የንጉሡ የሰማይ ሹም ጎራሞን በሕዝቡ ፊት ቆሙ። «ዕንቁውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤» አሉ። «እናንተ የቀይ ክንፍና የነጭ ክንፍ ቤት አብራሪዎች ማን ቀድሞ ይረፍ እያላችሁ ሰባት ዓመት ተጣላችሁ። ስለዚህ አርዛን ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ይረፍ ብዬ ዕንቁውን ወደዚያ አስወሰድሁ።»

«ግቢው ለአንድ ክንፍ እንኳ አይበቃም እኮ፣ ክቡር ሹም፤» አለች የነጭ ክንፍ ቤት አብራሪዋ መልዛ።

ሹሙ አንገታቸውን ደፉ። «ንጋት ላይ አይቻለሁ። ለሙከራ ያስመጣሁት አርዛን ሲወርድ የአዳራሹን ጣሪያ ይዞት ሄደ። ሌሎቹም እንዳይከተሉት ፈርቼ ዕንቁውን ወደ ድርጎም ገደል አስጣልሁት።»

ድርጎም ጉም የሚተነፍስ አውሬ ነው፤ ገደሉ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ አይለቅም።

ያን ጊዜ ከቀይ ክንፍ ቤት አብራሪዎች በዕድሜ ትንሹ፣ አርዛኑን ከእንቁላል ጀምሮ በእጁ ያሳደገው ያዕሮን፣ ወደ ፊት ወጣ። «በአርዛኔ ስም እምላለሁ፤ ዕንቁውን ሳልይዝ አልመለስም።»

«አንደበት አለህ እንዴ?» አለች መልዛ። «ሰባት ዓመት ስንጎራበት ድምፅህን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«አንቺ ስትናገሪ ተራ አጥቼ ነው።»

መልዛ ሳቀች። «ድንጋዩ እንደሆነ ለአንድ አርዛን ይከብዳል። እኔም እመጣለሁ።»

ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ሲበሩ ዘምራ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆመ። በታች በኩል ጭቃ የለበሰው ዕንቁ ደብዝዞ ይታያል፤ ከአጠገቡም የድርጎም ሁለት ቢጫ ዓይኖች።

«አንዳችን ወርደን በገመድ ማሰር አለብን፤» አለ ያዕሮን። «እኔ እወርዳለሁ።»

«አርዛንህስ? ያለ ጌታው ለማን ይታዘዛል?»

አርዛን የሚታዘዘው በስሙ ለሚጠራው ነው፤ ስሙንም የሚያውቀው ጌታው ብቻ ነው። ስሙን ለሌላ የነገረ ሰው አርዛኑን ለዘላለም ያጣል፤ አሞራውም ከዚያ በኋላ አያውቀውም።

ከላይ የደከመ አርዛን ጩኸት ተሰማ። ያዕሮን የአርዛኑን አንገት አንድ ጊዜ ዳሰሰ፣ ወደ መልዛ ጠጋ ብሎ ስሙን በጆሮዋ ነገራት። ከዚያም በሁለቱ አርዛኖች ላይ የታሰረውን ገመድ ይዞ ዘለለ።

ድርጎም አፉን ከፍቶ መጣ። ያዕሮን ካባውን አውልቆ ዕንቁውን ወለወለው። ሰማያዊው ብርሃን ፈንድቶ ካባውን አቃጠለ፣ የአውሬውንም ዓይን አሳወረ፤ ድርጎምም እያገሳ ወደ ዋሻው ሸሸ። «ሳቢ!» ብሎ ጮኸ ያዕሮን። መልዛ ሁለቱንም አርዛኖች በየስማቸው ጠራች። ሁለቱ በአንድነት ክንፋቸውን መቱ፤ ያዕሮንም ዕንቁውን እንዳቀፈ ከጉሙ ወጣ።

ዕንቁው ማማው ላይ ሲቀመጥ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ማን ቀድሞ ይረፍ?» አሉ ሹሙ በለሆሳስ።

«የደከመው፤» አለች መልዛ።

ስምንቱም አረፉ። መንገደኞች ከቀይ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ቀይ ተሸጋገሩ፤ አምባው በልዩ ልዩ ቋንቋ ተሞላ። የያዕሮን አርዛን ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆጥሮት በአጠገቡ አልፎ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያዕሮን የማማው ጠባቂ ሆነ። ጉም በወረደ ቁጥር ያንን የተቃጠለ ካባውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አርዛኑ ከሩቅ ሲመጣ በክንፉ ድምፅ ይለየዋል። ስሙን አይጠራውም፤ ዕንቁውን ብቻ አጥብቆ ይወለውልለታል።