ዘጠኝ ጊዜ የተጀመረ መጽሐፍ

የመነጽር ሠሪው ሱቅ ጠባብ ናት። ፊት ለፊት አንድ የመስታወት ሣጥን፣ ከጀርባው ሌንስ የሚሞርድበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደላት የተጻፉበት ሰሌዳ፤ በቃ። ደንበኛ ሲገባ ያስተናግዳል፤ ሲወጣ ከመሳቢያው ደብተር ያወጣና ይጽፋል። የሚጽፈው ኀዘን ለደረሰባቸው ክርስቲያኖች የሚሆን የመጽናኛ መጽሐፍ ነው። ይህን የምታውቅ አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ።

እህቱ እሱ ቤት የገባችው ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። መጽሐፉም የተጀመረው በእሷ ምክንያት ነበር። ስታለቅስ አፉን ሞልቶ የሚላት ነገር ቢያጣ፣ "ቆይ፣ እጽፍላታለሁ" አለ በሆዱ። መልካም አሰበ። ክፋቱ፣ ሳይጨርስ ለሰው ላለማሳየት ምሎ መነሣቱ ነው።

"ወንድምዓለም፣ እስቲ ከምትጽፈው ትንሽ አንብብልኝ" ትለዋለች ሻይ እየቀዳችለት።

"አላለቀም እትዬ።"

"ያለቀችውን ገጽ ነዋ።"

"ሳይበስል አይቀርብም። ትንሽ ታገሺኝ።"

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጥሪ ወረቀት ይዛለት መጣች፤ የክርስቲያን ጸሐፍት የሦስት ቀን ጉባኤ ነው። ገና ርዕሱን ሲያይ ፊቱን ቋጠረ።

"መጻፍ የብቻ ሥራ ነው። እኔ በጸሎት የተቀበልኩትን ማንም ተነሥቶ ሊያርመው ነው?"

"ስትዘምር ከሰው ጋር አይደል እንዴ የምትዘምረው? ድምፅህ ሲወጣ ጎንህ ያለው አይደል የሚመልስህ?" አለችው። "ደግሞ ንገረኝ እስቲ፣ መጽናኛውን የምትጽፈው ለማን ነው? ለመሳቢያው?"

ሳቀና ወረቀቱን አጠፈው። ያን ዓመት አልሄደም። በሚቀጥለውም ዓመት ወረቀቱን አመጣችለት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሦስተኛው ዓመት ግን ወረቀት የሚያመጣለት ሰው አልነበረም። እህቱ በዝናቡ ወራት ሳል ያዛትና ተኛች፤ በዚያው አልተነሣችም። ከመጽሐፉ አንዲት መስመር ሳትሰማ ሄደች።

እናንተዬ፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ያለውን ቤት ታውቁታላችሁ። መነጽር ሠሪው ሁለት ሰሃን ያወጣና አንዱን መልሶ ያስቀምጠዋል። ሬዲዮው ይለፈልፋል፤ ምን እንዳለ ቢጠይቁት አያውቅም። ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛው መነጽሩን አድርጎ ሊወጣ ሲል፣ "ቆይ እስቲ፣ ጆሮዎ ላይ ይቆነጥጥ ይሆናል" እያለ ሰው ማቆየት ጀመረ። ደብተሩን ያወጣል፤ አንዲት ቃል ሳይጽፍበት ይዘጋዋል። ለኀዘንተኛ የሚጽፍ ሰው፣ ኀዘኑን የሚነግረው ሰው አልነበረውም።

የጉባኤው ጊዜ ሲደርስ ወረቀቱን ራሱ ሄዶ ጠየቀ። ለመማር ጓጉቶ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ቀን ከሰው መሀል መዋል አምሮት ነው። ደብተሮቹን በከረጢት ሸክፎ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው አለ፤ መምህሩ፣ ሹፌሩ፣ የቤት እመቤቷ፣ ሁሉም የየራሱን ወረቀት ታቅፏል። አምስት አምስት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ አንድ ገጽ ያነባል፤ የቀሩት የቱ ጋ ልባቸው እንደተነካ፣ የቱ ጋ እንደሰለቻቸው ይነግሩታል። እሱ ከደረሰበት ቡድን ውስጥ ለሕፃናት የሚጽፉ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ተራው ደርሶ አንድ ገጽ አነበበ።

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ?" አሉ አዋላጇ ሲጨርስ። "የመጀመሪያው ግማሽ ስብከት ነው፤ እሱን ሰምቼዋለሁ። ያቺ ሴት የሞተ ባሏን ኮት ለብሳ ልብስ ስታሰጣ ያልከው ቦታ ላይ ግን አንጀቴን በላኸው። ከዚያስ ምን ሆነች?"

"እሱ... ሌላ ምዕራፍ ላይ ይመጣል።"

"አምጣዋ፣ እንስማው።"

ከረጢቱን ከፈተ። አዋላጇ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም "ምዕራፍ አንድ" ይላሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ምዕራፍ እየሰረዘ፣ እየደለዘ፣ በአዲስ ደብተር እየገለበጠ ኖሯል። ይበቃል፣ ቀጥል የሚለው ሰው አልነበረማ።

"ማንም አንብቦልህ አያውቅም?"

"የለም።"

"ላንብብልህ ያለህ ሰውም የለም?"

"እህቴ አንብብልኝ ብላኝ ነበር" አለ። "ሴትዮዋ እሷ ናት። ሳያልቅ አላነብልሽም አልኳት። ሞተች።"

ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከቡድኑ አንዱ የሆነው ሹፌር ትከሻውን ይዞ ጸለየለት። ማንም ምክር አልሰጠውም፤ አብረውት ተቀመጡ።

በሦስቱ ቀን ብዙ ነገር ተማረ። ጥቅስ መደርደር ብቻውን ምዕራፍ እንደማይሆን፣ አርታኢ ጠላት እንዳልሆነ፣ አሳታሚ ጋ ምን ተይዞ እንደሚኬድ ሰማ። የበለጠው ትርፉ ግን እሑድ ሲለያዩ የመጣ ነው። አዋላጇ ስልኩን መዘገቡና፣ "ሐሙስ ስድስት ሰዓት እደውላለሁ፤ ምዕራፍ ሁለትን ታነብልኛለህ" አሉት።

"በአራት ቀን ውስጥ፣ እማማ?"

"ታዲያ ዘጠኝ ወር ልስጥህ?" አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት ስልኩ ጠራ። ሱቁ ባዶ ነው። ፊቱ ስድስት ገጽ አለ፤ ግማሹ በስርዝ ድልዝ የተሞላ።

"እህ፣ ደረስክ?"

"ስሕተት አለበት እማማ። ገና ብዙ ይቀረዋል።"

"አንብብ።"

አነበበ። እህቱ ጎረቤት ፊት እየሳቀች ቤት ገብታ የምታለቅስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

"አለሁ፤ ቀጥል" አሉት ከወዲያ።

ቀጠለ። እስከ መጨረሻው አነበበላቸው።

መጽሐፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ፤ የማያውቃቸው ኀዘንተኞች እየደወሉ ያመሰግኑታል። ወዳጆቼ፣ የምትጽፉ ከሆነ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲጠራችሁ አትኩሩ፤ ሂዱ። እግዚአብሔር የሰጣችሁን ቃል የሚሰማላችሁም፣ የሚያርምላችሁም፣ የት ደረስክ የሚላችሁም እዚያ አለ። ቤታችሁ ውስጥ "አንብብልኝ" የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጉባኤውንም አትጠብቁ። መነጽር ሠሪው ዛሬ መጽሐፉን ለብዙ ሰው ያነባል፤ ለእህቱ ግን አላነበበላትም።