ዘይቱን የለቀቀው ዱባ

ጀይሉ ከሚሴ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው መጋዘኑ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ «የተመታው ዛሬ ጠዋት፣ በከባድና ድቡልቡል ነገር ነው» ብሏል። ጀይሉ ለሠርግ አዳራሽ ማስጌጫ የሚሆኑ ዱባዎችን ሳይበሰብሱ ለወራት ያቆይ ነበር።

ኢንስፔክተር ሰዒዳ ስትደርስ የሟች ወንድም እንድሪስ፣ ጉልበቱ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ሱሪ ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

«ባሏን የገደለችው አሻ ናት። ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሯት።»

አሻ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከእሷ ፈቀቅ ብሏል። ሰዒዳ ደሟ ፈላ። ሰው ሳይጠየቅ ሲፈረድበት ማየት አትችልም።

መጋዘኑ ውስጥ ዱባዎቹ ጭድ ላይ ተደርድረው በዘይት ያብረቀርቃሉ። አንዱ ግን ደብዝዟል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ከሥሩ ያለው ጭድም እርጥብ ነው።

መጀመሪያ የአዳራሹን ባለቤት ሙህዲንን ጠየቀች።

«ትናንት ከጀይሉ ጋር ተጨቃጭቀዋል አሉ።»

«የወሰድኳቸው ዱባዎች በሳምንታቸው ሻገቱ። ለካ ሠራተኞቼ ውሃ ያርከፈክፉባቸው ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄው ተለያየን፤ አላህ ይዘንለት።»

«ዱባ እንዴት ይቆያል?»

«ሂንቤኩ፣ እኔ አላውቅም። ገዥ ነኝ።»

አሻን ጠየቀች።

«በበረኪና ውሃ ይታጠባል፤ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ መጨረሻ ዘይት ይቀባል። ከዚያ ወዲያ ውሃ አይነካውም።»

እንድሪስንም ጠየቀችው፤ ትከሻውን ሰበቀ። «መጋዘኑን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል። ግን ይኼ ምን ያስጠይቃል? በቆሸሸ ቁጥር በበረኪና ማጠብ ነው።»

ሰዒዳ ሦስቱንም ከሽማግሌዎች ጋር ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ጀይሉ የተመታው በዚህ ዱባ ነው። ከሐረጉ የተቆረጠበት ጭራው ሥር ዘይትም ደምም ቀርቷል። ስለዚህ ዘይት ከተቀባ በኋላ ታጥቧል። አሻ ብትሆን ደሙን አጥባ መልሳ ትቀባው ነበር፤ ዘይቱ እዚያው አጠገቡ ነው። ያን ጊዜ እኔም አልለየውም ነበር። ሙህዲን ጠዋቱን ሙሉ አዳራሻቸው ውስጥ ነበሩ፤ አጣርቻለሁ። ሥራውን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው ያጠበው። እንድሪስ፣ ወር ሙሉ መጋዘኑን ካልረገጥክ ሱሪህን በረኪና የት አነጣው?»

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። «የመጋዘኑን ቦታ እንሽጠው አልኩት፣ እምቢ አለኝ» አለ። «ተናድጄ ነው፣ ወላሂ። አሻ፣ ዓፉ በይኝ።»

አሻ ተነሣች።

«ተናደህ መታኸው እንበል። ዱባውን አጥበህ ቦታው ከመለስክ በኋላ ግን መጥተህ ከጎኔ አለቀስክ። ከዚያ እሰሯት አልክ።»

ወደ ሰዒዳ ዞረች። «አሁኑኑ ውሰጂልኝ። የባሌን ጀናዛ እሱ አይሸከመውም።»