ከጆንያው የተቃመው ዱቄት

ፊልጶስ የሞተው እየሳቀ በቃመው ዱቄት ነው። ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ፣ በገበሬው በአያ አላምረው ማሳ ዳር፣ የአገር ሰው ሁሉ እያየው።

ዱቄቱ የሥራ ባልደረባው የሄለን የእጅ ሥራ ነበር። ጎንደር ከተማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በተቀቀለ ማሽላ ላይ ያሳደገችው አረንጓዴ ሻጋታ ነው፤ የሽምብራን ሥር የሚያደርቀውን በሽታ መሬት ውስጥ ተናንቆ ያስቀራል። ገበሬው ሻጋታ ሲባል ስለሚጸየፍ፣ ተመራማሪው ፊልጶስ በሄደበት ሁሉ ጭብጥ አድርጎ እንደ በሶ ይቅመው ነበር። «መርዝ ቢሆን እበላው ነበር?» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ከመዝራቱ በፊት ዘሩንም ያሽበታል። የዚያን ቀን ግን ላብ አጠመቀው፤ አረፋ ደፈቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

ሄለን ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላት። ሳላውቅ ክፉ ሻጋታ አሳድጌ ገደልሁት እያለች ራሷን ትበላ ነበር።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ረውዳ የጎንደር ቅመም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ባዕድ ነገር የገባበትን በርበሬ በማሽተት የምትለይ፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት።

«ሁልጊዜ የሚቅመው ከየት ነበር?» ስትል ሄለንን ጠየቀቻት።

«ከራሱ ብልቃጥ። የዚያን ቀን ቢሮ ረስቶት መጣ። ዘር ሊታሽበት ከቀረበው ከአያ አላምረው የዱቄት ጆንያ ዘገነ።»

«ከዚያስ?»

«አያ አላምረው ውሃ አቀበሉት። ‹ተጉመጥመጥና ትፋው› አሉት። እሱ ግን ሳቀና ዋጠው።»

«ካመመው በኋላ?»

ሄለን አሰበች። «አይ፣ ገና ሳያመው።»

«ከዚያ በፊት ሲቅም እንዲህ ብለውት ያውቃሉ?»

«በጭራሽ! አብረው ይስቁ ነበር እንጂ። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት።»

ረውዳ ከዚያ ወደ ጃቢር ሱቅ ሄደች። ጃቢር የተባይ መርዝ ነጋዴ ነው፤ ሻጋታው ከመጣ ወዲህ ገበያው ስለቀዘቀዘ የከተማው ጣት በእሱ ላይ ነበር።

«እኔን ጠረጠርሽኝ፣ እህቴ?»

«ከአንተ ሌላ መርዝ የሚሸጥ የለማ።»

«ከእኔ ያልገዛ ገበሬስ የታለ? ጆንያው ግን አያ አላምረው ቤት ነው የከረመው። እኔ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም።»

በሳምንቱ ሁሉም በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ሄለን፣ ጃቢር፣ አያ አላምረውና ባለቤታቸው እንኳየሁ። ረውዳ ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሁለቱም እርጥብ ዳቦ ነው። በዚህኛው ከፊልጶስ ብልቃጥ፣ በዚያኛው ከጆንያው ከቀናት በፊት ነሰነስሁበት።»

የብልቃጡ አረንጓዴ ለብሷል። የጆንያው እንደነበረ ነው።

«የሄለን ሻጋታ ደኅና ነው። ጆንያው ውስጥ ግን ተባይንም ሻጋታንም አብሮ የሚገድል የዘር መርዝ ገብቷል። ፊልጶስን መግደል የፈለገ ሰው ብልቃጡ ውስጥ ይጨምረው ነበር። ሙሉ ጆንያ የመረዘ ሰው ያሰበው ለሰብሉ ነው። ሰብሉ የማነው? ጆንያውስ ከማን ቤት ከረመ?» ወደ አያ አላምረው ዞረች። «ገና ጤነኛ የሆነን ሰው ትፋው የሚለው መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ብቻ ነው።»

አያ አላምረው ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«በሽታው አምና ማሳዬን ፈጅቶታል። ዘንድሮም ሽምብራው ቢደርቅ ፊልጶስ ልጄን ያዋርዱታል አልሁ። መርዙን የጨመርሁት ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው። እሱ ከብልቃጡ እንጂ ከእኔ ጆንያ አይቅምም።»

«ሲዘግን እያዩ ለምን ዝም አሉ?»

«ያ ሁሉ የአገር ሰው ቆሞ? ሻጋታህን አላመንሁትም፣ መርዝ ጨምሬበታለሁ ልበለው? በሰው ፊት ላሳፍረው? ውሃው ያጥብለታል አልሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ልጄ ይተርፍ ነበር!»

እንኳየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሄለን በረጅሙ ተነፈሰች። የእሷ ሻጋታ አይደለም። በእኒህ ሰው መከራ ላይ እፎይ ማለቷ ወዲያው አሳፈራት።

«ሽምብራው ቢደርቅ ፊልጶስ እንደሚዋረድ ማን ነገረዎ?» አለች ረውዳ።

አያ አላምረው ቀና ብለው ሄለንን አዩ። ከዚያ አቀረቀሩ።

«ማንም። በራሴ ነው።»

ሄለንን ያን ጊዜ ትዝ አላት። በክረምቱ ማሳው ዳር ቆመው ሲያወሩ፣ «ይኼ ካልያዘ ፊልጶስን ከሥራ ነው የሚያባርሩት፤ አደራዎን፣ አያ አላምረው» ብላቸው ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ረስታው ነበር።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ሄለን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሽማግሌው ብቻቸውን ተሸክመውት ይሄዳሉ። የሁሉም ዓይን በእሳቸው ላይ ነበር። ሄለን ከወንበሯ ተነሣች።

«የነገርኋቸው እኔ ነኝ» አለች።