አባባ ከባሕር ያወጡት እንጨት

«ይሄ እኮ እንጨት አይደለም» አለ ማቲ፣ መደርደሪያው ላይ የቆመውን ቅርንጫፍ በስልኩ መብራት እያየ። «ኮራል ነው። ላይክ፣ ሪል ኮራል።»

ጸዮን በክፍል ጓደኛዋ ሳቀች። አያቷ አቶ ሳህሉ መቁጠሪያቸውን የሚሰቅሉበት፣ በየፋሲካው ዋዜማ በዘይት የሚወለውሉት ነገር እንጨት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በቶሮንቶው ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ ሐበሻ ካለ ትናንት የመጣ ነው። አያቷ በወጣትነታቸው ካናዳ ጋንደር ላይ ከአውሮፕላን ወርደው ጥገኝነት ሲጠይቁ፣ መጀመሪያ ያገኙት ሥራ የዓሣ መርከብ ላይ ነበር። መርከቡ ከባድ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ ይጎትታል። አንድ ቀን ከዓሣው ጋር ይሄ ወጣ። «ሰው ዓሣ ያጠምዳል፣ እኔ ማገዶ አጠመድኩ» እያሉ እንግዳ ያስቃሉ።

ማቲ ፎቶ አንስቶ ለባዮሎጂ መምህራቸው ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ የጥልቅ ባሕር ኮራል ነው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድግ የባሕር እንስሳ፤ አራት መቶ ዓመት ሳይኖር አይቀርም። የጸዮን ሳቅ ጠፋ። የነገው ፕሬዘንቴሽናቸው ያው መረብ በባሕር ወለል ላይ ስለሚያደርሰው ጥፋት ነበር። አያቷም የክብር እንግዳ ሆነው ሊመጡ ሸሚዛቸውን ተኩሰዋል።

«አትንገሪያቸው» አለ ማቲ ቦርሳውን እያነሣ። «የመጨረሻውን ስላይድ ዲሊት አድርጊና ‹መልሶ ይበቅላል› በይ። ማን ቼክ ያደርጋል?»

እሱ እንደወጣ አቶ ሳህሉ ከመኝታ ቤት መጡ። «እስቲ የነገውን አሳዪኝ።»

ላፕቶፑን መዝጋት ትችል ነበር። አልዘጋችውም። የመጨረሻው ስላይድ ላይ ሁለት ፎቶ ነበር፤ አንዱ በባሕር ወለል ላይ የቆመ የኮራል ደን፣ ሌላው መረቡ ካለፈ በኋላ የቀረው ባዶ ጭቃ። አያቷ መጀመሪያ ደኑን፣ ከዚያ መደርደሪያውን አዩ።

«ሕይወት ነበረው?»

«አዎ አባባ። ፋሲል ግንቡን ሲያሠራ እሱ እዚያ ነበር።»

ጎንደር ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በየቀኑ ይወጣ ነበር፣ ስብርባሪው። በአካፋ እየዛቅን እንደፋዋለን። ደህናውን መርጬ ያስቀረሁ መስሎኝ...» አሉ።

«መልሶ ይበቅላል፣ አይደል?»

የማቲ መልስ ምላሷ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ እሳቸውም ያምኗታል።

«በእኔም ዕድሜ አይበቅልም፣ አባባ።»

አቶ ሳህሉ ተነሥተው መቁጠሪያቸውን ከቅርንጫፉ ላይ አወረዱ። የሚያስቀምጡበት ቢያጡ እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። «እንግዲህ ነገ ልቅር መሰለኝ» አሉ።

«አይቅሩ። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

አጠገቧ ወንበር ሳበችላቸው። ከጭቃው ፎቶ ሥር ባዶ ቦታ ነበር።

«በቀን ስንት አካፋ ይሆናል፣ አባባ?» ብላ ጠየቀችና፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀች።