የሰሜኑ ድልድይ

መምህሩ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ በግንባራቸው ካርታው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ከኋላ የተመቱበት የነሐስ ሉል ጠረጴዛው ስር ወድቋል።

መርማሪዋ ሦስቱን የዓለም አቀፍ ግንኙነትና ደኅንነት የማስተርስ ተማሪዎች ገና ስታያቸው ሰለቿት። የመምህራቸው አስከሬን ሳይነሳ ስለ ኃይል ሚዛን ይፈላሰፋሉ። አስር ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኙት ሻይ አመላላሽ እናት ግን እጃቸው ታስሮ ጥግ ላይ ያለቅሳሉ። ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ አልገባም ተብሎ ወደ እስር ቤት ሊወሰዱ ነው።

«እናንተስ አልገባችሁም?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ካርታ ላይ ጦርነት በምንለማመድበት ሰዓት ክልክል ነው» አለ አምባሳደሩ የሚሉት ተማሪ፣ ክራባቱን እያስተካከለ። «እያንዳንዳችን አንድ አገር ሆነን በየክፍላችን እንቀመጣለን። ትእዛዛችንን በፖስታ አሽገን በመምህሩ በር ስር እናስገባለን፤ እሳቸው ሰዓቱን ይጽፉበታል። የማን ጦር የት እንዳለ እስከ መጨረሻው ሌላ ሰው አያውቅም። ሴትዮዋ ግን እንደ ልቧ ትገባለች።»

«ከመምህሩ ጋር የተጣላ ነበር?»

«እሱ ራሱ!» አለች አብራው የምትማረው ልጅ፣ ወደ አምባሳደሩ እየጠቆመች። «የመመረቂያ ጽሑፉ ከሌላ ሰው የተገለበጠ ነው ብለው ነገ ለኮሚቴ ሊያቀርቡት ነበር። ኤምባሲ የሚጠብቀው ሥራም ቀረ ማለት ነው።»

«ወሬ ነው!»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ የተከፈቱትን ፖስታዎች አነበበች። በር ስር ያልተከፈተ አንድ የአምባሳደሩ ፖስታ ነበር፤ እሱንም ቀደደችው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ እናቲቱንም ጭምር።

«አምባሳደር፣ ቀኑን ሙሉ ደቡብ ወደብ ላይ ስትዋጋ ዋልክ። በመጨረሻ ግን ጦርህን በሙሉ ወደ ሰሜኑ ድልድይ ላክህ፤ የጠላትህ ምርጥ ጦር ወዳለበት! እንዲህ ያለ ጅል አዛዥ አይቼ አላውቅም።»

ሌላ ስድብ ቢሆን በቻለው ነበር።

«ምን ጅል ነው! ድልድዩ ባዶ ነው፣ በዘጠኝ ተኩል ለቆታል!»

ጄኔራሉ የሚባለው ሦስተኛው ተማሪ አፈጠጠበት። «መልቀቄን ማን ነገረህ? የጻፍኩት ለመምህሩ ብቻ ነው።»

«እኔ ልንገርህ» አለች መርማሪዋ። «ያንተን ፖስታ መምህሩ ከፍተው በእጃቸው ሰዓት ጽፈውበታል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ተኩል በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ይሄ ልጅ ሊለማመጣቸው ገባ። እምቢ ብለውት ወደ ካርታቸው ሲመለሱ መታቸው። በዚያው ቢወጣ ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር? ግን ሰው ገድሎም የተፎካካሪውን ምስጢር ጠረጴዛ ላይ ሲያይ ማለፍ አቃተው። ክፍሉ ተመልሶ ትእዛዝ ጻፈ። ለገደለው ሰው! ነጥብ እንዳያመልጠው!»

አምባሳደሩ አንገቱን ደፋ። ካቴናው ከእናቲቱ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ፤ ፖሊሶችም ይዘውት ወጡ። ይቅርታ የጠየቃቸው ተማሪ የለም።

«ታዲያ ድልድዩ አልተያዘም» አለ ጄኔራሉ። «ትእዛዙ ሰዓት አልተጻፈበትማ!»

«ፖስታው ግን በጊዜው ገብቷል» ስትል ተማሪዋ ሞገተችው።

እናቲቱ የቀላ እጃቸውን እያሻሹ ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው።

«ልጄ፣ እነዚህ ናቸው ነገ አገር ከአገር የሚያስታርቁት?»

መርማሪዋ እናቲቱን ደግፋ ወጣችና በሩን ዘጋችባቸው።