ሸለቆውን ያየው ሰው

«አየር ይጎድለዋል» አለ አባቷ፣ የፊተኛውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ።

«አባዬ፣ አሁን ነፋኸው እኮ!»

«አሁን የነፋሁት የኋላውን ነው።»

ሁለቱንም ነፍቷል። ሔራን አጠገቡ ቆማ አይታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሚኖሩበት አፓርትመንት ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ላይ ናቸው። አባቷ አቶ መርዕድ ከሥራ ባልደረባው የተዋሰውን ቀይ ማውንቴን ባይክ አጥቦታል፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቷል፣ መሪው ላይ የምታብረቀርቅ ደወል ገጥሞለታል። ያላደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተቀመጠበትም። ባለፈው ቅዳሜ ጉልበቱን አመመው። እሑድ ዝናብ ነው አለ፣ ዝናቡ ግን የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ጎማ።

«እስቲ አንድ ዙር ንዳና ልይህ» አለች ሔራን። «ጀስት ዋን!»

«ሰው መኪና እያወጣ? ልጄ፣ ብስክሌት ሜዳ ይፈልጋል» አለና ጎማ መንፊያውን አንሥቶ ወደ ቤት ገባ።

ሔራን ነገሩ አልገባትም። አባቷ የብስክሌት ሰው ነው፤ ይህንን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። አናንዴል ልደት ቢሆን፣ ዊተን ክርስትና ቢሆን፣ ተበልቶ ሰው ሲደላደል አንዱ መነሣቱ አይቀርም። «መርዕድ፣ እስቲ ያቺን የፈረንሳዩን አውራ» ይላል። አባቷም ትንሽ ይግደረደርና ይጀምራል።

ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከተማ ተማሪ ሳሉ፣ እሱና ጓደኛው ሳህሉ፣ ትምህርት ሲዘጋ የትምባሆ እርሻ ላይ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ዶርዶኝ የሚባለውን ወንዝ ተከትለው በብስክሌት ወጡ። ጠዋት ጠዋት ሸለቆው ጉም ይሞላና ወንዙ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ጉሙ ሲገፈፍ ሁለት የድንጋይ ግንቦች ከገደል ገደል፣ ወንዙን መሐል አድርገው፣ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ይፋጠጣሉ። ድሮ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ዘመን አንዱን ፈረንሳዮች፣ ሌላውን እንግሊዞች ይዘውት ነበር። ቀጥሎ ቁልቁለቱ ይመጣል። ከአንደኛው፣ ከቤይናክ ግንብ እስከ ወንዙ ዳር፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት! እዚህ ላይ አባቷ ብድግ ይላል። ዝይዎች ግራና ቀኝ ይበተናሉ፣ አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብላ ትሳደባለች፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ጋሽ ሳህሉም ጥግ ይዞ አብሮ ይስቃል። እሱ ግን አንድም ቀን አንድ ቃል ጨምሮ አያውቅም።

ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ሔራን ናት። የፈረንሳይኛ አስተማሪያቸው ማዳም ኮልማን፣ ትምህርት ሲዘጋ ክፍሉን ይዛ ያንኑ ሸለቆ በማውንቴን ባይክ ልታዞር አሰበች። ግንቦቹን፣ በጥንት ሰዎች ሥዕል የተሞሉትን ዋሻዎች፣ የወንዙን ዳር መንደሮች። የብስክሌት አከራዮቹን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ለጠፈች። አንዱ ፎቶ ላይ ሽበታም ባልና ሚስት ባለሁለት ወንበር ረጅም ብስክሌት ላይ ፊትና ኋላ ተቀምጠዋል። ክፍሉ በነሱ ሲስቅ ሰነበተ።

የጎደለው አንድ አዋቂ ብቻ ነበር። ከሁሉም ኋላ እየነዳ ልጆቹን የሚጠብቅ፣ ፈረንሳይኛም የሚችል ሰው። ካልተገኘ ጉዞው ይቀራል አለች ማዳም። ሔራን እጇን አወጣች።

«የኔ አባት ያንን መንገድ በብስክሌት ሄዶታል!»

ማዳም ያንኑ ዕለት ደወለች። አባቷ ኩሽና ውስጥ ስልኩን ይዞ ሲያዳምጥ፣ ሔራን ፊት ለፊቱ በደስታ ትዘላለች። አያት፣ ወለሉን አየ፣ እንደገና አያት። «ዊ፣ ማዳም» አለ በዚያ በሚያምር ፈረንሳይኛው። «አቬክ ፕሌዚር»፣ በደስታ ማለቱ ነው። እናቷ ሸዋረገድ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ብላ አየችው።

ከዛሬ ሳምንት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሁሉም ፖቶማክ ዳር ባለው የካናል መንገድ ላይ ሊለማመዱ ተቀጣጥረዋል።

ረቡዕ ማለዳ ሔራን ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ በመስኮት አየችው። አባቷ የኤርፖርት ሚኒባስ የሚነዳበትን ዩኒፎርም ለብሷል። ብስክሌቱን ሁለት መኪኖች መሐል አቁሞ፣ በአንድ እጁ የአንዱን መኪና ስፖኪዮ ጨብጧል። እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ስፖኪዮውን ለቀቀ። ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደና ከነአባቷ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ቶሎ ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰው አይቶት እንደሆነ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቃኘ። ሔራን ከመጋረጃው ጀርባ ተሸጎጠች። መውደቁ አይደለም ያስለቀሳት፤ መስኮቶቹን ማየቱ ነው።

እንዲያ የሚወድቀው ብስክሌት የረሳ ሰው አይደለም። ጭራሹን ያልቻለ ሰው ነው። አልቅሳ ስትጨርስ ደግሞ ተናደደች። ያ ሁሉ ልደት፣ ያ ሁሉ ክርስትና! ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ሳህሉ ቤት ደወለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ብስክሌት ይችላል?»

ጋሽ ሳህሉ ቴሌቪዥኑን ሲቀንስ ተሰማት።

«ምነው፣ ወደቀ እንዴ?» አለ ጋሽ ሳህሉ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ! እውነቱን ንገረኝ።»

«እንግዲህ ካየሽው ምን እደብቅሻለሁ። አይችልም። ብስክሌቱ አንድ ነበር። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ዕቃ መጫኛው ላይ ይቀመጣል። ዳገት ሲሆን ወርዶ ይገፋል፣ ይባረክና ገፊ ነበር! ቁልቁለቱን ሁለታችንም ወርደነዋል። ዝይዎቹም ነበሩ፣ አሮጊቷም ሰድባናለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ? ሁልጊዜ እዚያው ተቀምጠህ!»

«ሰው ፊት ምን ልበለው? ‹ወንድሜ፣ አንተ እኮ ጭነት ነበርክ› ልበለው?» ጋሽ ሳህሉ ሳቀና ሳቁን መሐል ላይ ተወው። «ስሚኝ፣ ሔሩዬ። እኔ ያንን ሁሉ አገር ሳቋርጥ ያየሁት የፊቴን ጎማ ነው። ድንጋይ እንዳልመታ፣ አባትሽን እንዳልጥልብሽ። ጉሙ እንዲህ ነበር፣ ግንቡ እንዲህ ነበር የሚባለውን የሰማሁት እንዳንቺው እሱ ሲያወራ ነው። ሸለቆውን ያየው እሱ ነው። እኔም ቁጭ ብዬ የምሰማው ለዚያ ነው።»

ሔራን ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልጋዋ ላይ ተዘርግታ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ለማዳም ብትናገር ጉዞው ይቀራል፣ ጠቅላላ ክፍሉም ለምን እንደቀረ ያውቃል። ዝም ብትል አባቷ ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ሁሉ እያዩት ካናል ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው «እስቲ አውራ» ሲለው፣ አባቷ «ተዉኝ እባካችሁ» ብሎ ሳህን ሊያነሣ ሲሄድ ታያት። ያንን ቁልቁለት ድጋሚ ሳትሰማ ልትቀር ነው። ንዴቷ የት እንደገባ እንጃ፤ አባቷ አሳዘናት፣ ደግሞም ክፉኛ ወደደችው።

በማግስቱ ክፍሉ ሲበተን ሔራን ወደኋላ ቀረችና ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሽበታም ባልና ሚስት ጠቆመች።

«ማዳም፣ እንዲህ ዓይነቱን መከራየት ይችላሉ? እኔ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ። ከሁሉም መጨረሻ እንሆናለን፣ ልጆቹን እሱ ያያል።»

ማዳም መነጽሯን አወለቀች። «ለብቻው አይነዳም?»

ሔራን ወደ ማዳም ዞረች። «አይነዳም። መንገዱን ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፈረንሳይኛውም ከርስዎ ይበልጣል።» ይህን ስትል ደነገጠች። «ሶሪ! ደግሞ ለልጆቹ አይንገሩብኝ፣ ፕሊስ።»

ማዳም ስትስቅ ቆየች። «በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ ይበልጣል። ካናሉ ጋም እንዲህ ያለ ይከራያል። ቅዳሜ ሁለታችሁ ሳትወድቁ ነድታችሁ አሳዩኝ፣ እኔም ጉዞውን አልሰርዝም። መጀመሪያ ግን እሱን ጠይቂው።»

ዐርብ ከሰዓት አባቷ ፓርኪንጉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይነፋል። መዳፉ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። ሔራን አጠገቡ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቁልቁለት እፈራለሁ።»

አባቷ መንፋቱን አቆመ። በስላይጎ ክሪክ ቁልቁለት ላይ ሁለት እጇን ለቃ ስትወርድ አይቷት፣ ጮኾ ጮኾ ድምፁ የተዘጋው ባለፈው መኸር ነው።

«አንቺ?»

«የቤይናኩን። ብቻዬን አልወርደውም።» ቃላቱን ደጋግማ ስትለማመድ ነው የዋለችው፤ አሁን ግን ተጣደፉባት። «ባለሁለት ወንበር አለ። ማዳም ኦኬ ብላለች። እኔ ከፊት ሆኜ መሪውን እይዛለሁ፣ አንተ ከኋላ። ከኋላም ፔዳል አለው፣ ጭነት አትሆንም።»

አባቷ ጭነት የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀና አለ። አያት። ጆሮው ቀስ በቀስ ሲቀላ ሔራን ወደ ጫማዋ አቀረቀረች።

«ሳህሉ ደወለልሽ?»

«እኔ ነኝ የደወልኩለት።»

አንድ መኪና መጥቶ ቆመ፣ ሰውየው ወርዶ በሩን ዘጋ። አባቷ ጎማ መንፊያውን ነቅሎ ቱቦውን በጥንቃቄ ጠቀለለው።

«ልነግርሽ ነበር» አለ። «ስልኩን ይዤ እንዲያ ስትዘይ ሳይሽ፣ አልቻልኩም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ከኋላ ተቀምጬ ምን ልሠራልሽ ነው?»

«እኔ መንዳቴን ነው የማየው። ጎማዬን፣ ድንጋዩን፣ ምናምን» አለች ሔራን። «ሸለቆውን አንተ ታይልኛለህ። ማታ ማታ ትነግረኛለህ።»

አባቷ ከኪሱ መፍቻ አወጣ። ቀዩ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ ያቺን የምታብረቀርቅ ደወል ፈታት፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት፣ አንዴ ቅጭል አድርጎ ሰማት።

«ይቺ ግን እኔ ጋ ነው የምትገጠመው» አለ ደወሏን ኪሱ እየከተተ። «ለዝይዎቹ።»