ከጣቢያው ጎን የተቆፈረው ሦስተኛ ጉድጓድ

ዘካርያስ ሞቶ የተገኘው ራሱ ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከአዳማ ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ጥግ፣ ስድስት ሜትር ወደ ታች የወረደ፣ ሦስተኛው የአፈር መመርመሪያ ነበር። ሰውየው ከጣቢያው ጎን አሥራ ስምንት ፎቅ አፓርትመንት ሊያቆም አስቦ፣ መሬቱ ይችለው እንደሆነ ያስመረምር ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ዘካርያስ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ታች ተዘርሯል። አጠገቡ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል። መሰላሉ ግን ወጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ ነበር።

ኢንስፔክተር ሱሃይላ ስትደርስ ሳጅን ብዙነህ ነገሩን በበኩሉ ጨርሶታል። የአጥሩን ጎረቤት እትዬ ዘርፉን በካቴና አስሮ ፒክአፑ ላይ አስቀምጧቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደ ብዙነህ ዓይነቱ ነው።

«ምን አድርገው ነው?» አለች ሱሃይላ።

«ትናንት በሰው ፊት ‹ቤቴን ብትነካ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ እከትሃለሁ› ብለውታል። ሃያ ሰው ሰምቷል። ዛሬም ከሁሉ ቀድመው እዚህ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ገፍተውት ነው።»

«እናቶቻችን የዛቱትን ሁሉ ቢፈጽሙ ኖሮ አንተም እኔም ለዚህ ዕድሜ አንደርስም ነበር። ካቴናውን ፍታላቸው።»

ከዚያ መሰላሉን አስገብታ ወረደች። ስትወጣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። እዚያ ጥቁር የቆዳ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲው ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። የሟቹ እግር ላይ ያለው ደግሞ የላስቲክ ቦቲ ነው፤ ግራው በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ የተለጠፈ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የዘካርያስን ሸሪክ ኪዳነወልድን ነበር። ባልደረባው ሞቶበት እንኳ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አያነሳም።

«ዱከም አድሬ አሁን መድረሴ ነው» አለ። ያደረበት የዱከም ቤት ዘበኛ በኋላ በስልክ አረጋግጦለታል። «ደግሞ ምን ያጠያይቃል? የሴትዮዋ ቤት ሐሙስ ይፈርሳል፤ ተበቀሉት። ይልቅ ጉድጓዱን ዛሬውኑ ላስደፍነው፤ ሰው እንዳይገባበት።»

«ሰውማ ገባበት እኮ» አለችና ትታው ሄደች።

እትዬ ዘርፉ አንጓቸውን እያሹ ቁጭ ብለዋል። ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከጣቢያው አጥር ጋር በተያያዘችው ቤታቸው ሠላሳውን ኖረዋል።

«ዝቻውን አልክድም» አሉ። «ቤቴን በዶዘር ሊያፈርስብኝ ነው፤ ታዲያ ልመርቀው? እኔ ከታሰርኩ ሐሙስ ደጄ ላይ የሚቆም ሰው የለኝም። ግን ሰው ገድዬ ለሠራተኞቹ ጨጨብሳ አቀርባለሁ?»

«ቁርሱ የእርስዎ ነው?»

«እጁ የኔ ነው፤ ዱቄቱና ቅቤው የሱ። ክፉ ነበር፣ ሠራተኛ በማብላት ግን አይታማም። ዛሬም አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በሉ። ፈዬራ እንኳ ሁለት ሰሃን በላ።»

«እንኳ ማለት?»

«የቆፋሪዎቹ አለቃ ነው፤ የአፈሩንም ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በሶውን በላስቲክ ይዞ እየመጣ፣ ውሃ እንኳ ከዚህ ቤት ቀምሶ አያውቅም። ተጸይፎኝ ነው ብዬ ተቀይሜው ነበር። ዛሬ ሲበላ ሳየው ቂሜን ተውኩለት።»

ሱሃይላ አለቃውን ፍለጋ ሄደች። ፈዬራን ያገኘችው ከመቆፈሪያ ዕቃዎቹ አጠገብ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ጭቃው ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆሟል።

«ቦቲህስ?»

«ተቀደደ፤ ጣልኩት።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ምን አገኛችሁ?»

«ስንጥቅ። መሬቱ ታች ለሁለት ተከፍሏል። የስምጥ ሸለቆ አፈር ነው፤ እንኳን አሥራ ስምንት ፎቅ አራትም አይሸከም። ሪፖርቱን ዛሬ ልጽፍ ነበር።»

«ዘካርያስ ያውቅ ነበር?»

«ትናንት ነግሬዋለሁ። ካላየሁ አላምንም አለ።»

በመጨረሻ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ዲዳ ሄደች። ግራር ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ዲዳ። አንድ ሰው የሌላውን እህል ጨርሶ የማይቀምሰው ለምንድነው?»

«የወለንጪቲ ልጅ ነሽ፤ የኛን ወግ ታውቂዋለሽ።»

«ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«ደም ሲኖር ነው» አሉ ሽማግሌው። «ጉማ ካልተፈጸመ፣ ካሳው ተከፍሎ እርቅ ካልወረደ፣ የሟች ወገን ከገዳይ ጋር እህል ውሃ አይልም። ከሁለት ዓመት በፊት ዘካርያስ ሌላ ቦታ ሲያስቆፍር የመደገፊያ እንጨት ከለከለ፤ አፈሩ ተናደና ፉፋ የሚባል ልጅ ሞተ። ለእርቅ ሦስት ጊዜ ደጁ ቆምኩ። የማን ልጅ ነው ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ፣ በዘበኛው ‹ኢንሹራንስ ጠይቁ› አለኝ።»

«ፉፋ ወንድም አለው?»

ኦቦ ዲዳ አንገታቸውን ደፉ። መልሱን ያኔ አገኘችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም እትዬ ዘርፉ ቁርስ የሚያቀርቡበት ዳስ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል።

«ሳጅን» አለች፣ «ተገፍቶ የሚወድቅ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ጠቅልሎ ያስቀምጣል?»

ብዙነህ ወደ እትዬ ዘርፉ አየና ዓይኑን ሰበረ።

«ዘካርያስ በፈቃዱ ነው የወረደው። ታች የሚያየው ነገር ነበረው፤ ስንጥቁ። ስንጥቁን የነገረው ፈዬራ ነው። ታች ጭቃ ነው፤ ቦቲ ስላልነበረው ተዋሰ። ያዋሰው ሰው ዛሬ በነጠላ ጫማ ነው የዋለው። ከወረደ በኋላ መሰላሉ ወጣ፤ ድንጋዩ ተጣለ። ቦቲውን ለማውለቅ ተመልሶ መውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ሠራተኞቹ ደግሞ እየመጡ ነበር።»

«ቦቲውን ማንም ሊያነሳው ይችላል» አለ ፈዬራ ቀስ ብሎ።

«ይችላል። ቁርሱን ግን የበላኸው አንተ ነህ። ስድስት ወር የዚህን ሰው እህል አልቀመስክም፤ በመካከላችሁ የወንድምህ የፉፋ ደም አለ። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሰሃን በላህ። ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ደሙ እንደተመለሰ በዚያ ሰዓት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያልረሳው ሰው አሁን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ራበኝ» አለ ፈዬራ። «ከፉፋ ሞት ወዲህ የእውነት የራበኝ ዛሬ ነው። መሰላሉን ካወጣሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ የወንድሜን ስም ጥራ አልኩት። ቢጠራው መሰላሉን እመልስለት ነበር። ሦስት ስም ጠራ። አንዱም ፉፋ አልነበረም።»

«ጉማ ደም ማድረቂያ ነው እንጂ ማፍሰሻ አይደለም» አሉ ኦቦ ዲዳ በተሰበረ ድምፅ። «አሁን የዘካርያስ ልጆች ያንተን ወገን ደም ይጠይቃሉ። እኔስ በየትኛው እግሬ ነው ለአራተኛ ጊዜ ደጅ የምጠናው?»

ኪዳነወልድ ግን ጉሮሮውን ጠረገ፤ አያፍርም። «ያሳዝናል። እንግዲህ የነፍሰ ገዳይ ሪፖርት የሚቀበል የለም። መሐንዲስ አመጣለሁ። ጉድጓዱ ዛሬ ይደፈንና ሐሙስ ቤቱን አፍርሰን ሥራ እንጀምራለን።»

እትዬ ዘርፉ ወደ ፈዬራ ዞሩ። «አየህ ልጄ? እውነቱን ጽፈህ ብትፈርም ፎቁም ይቀር ነበር፣ ሰውየውም በቁሙ ይዋረድ ነበር። በአንድ ድንጋይ ሁላችንንም መታኸን።»

«ካቴናው እጅዎ ላይ ሲገባ እያየሁ ዝም አልኩ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ብዙነህ ይዞት ሄደ።

ሱሃይላ ወደ ኪዳነወልድ ተጠጋች። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ተናዳ እንደነበር ግን ሁሉም አወቀ።

«አንድ አካፋ አፈር አይገባበትም። ጉድጓዱ ሰው የተገደለበት ቦታ ነው። ስንጥቁም ሟቹ ለምን እንደወረደ ማስረጃ ነው፤ በመሐንዲስ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱን የሚያነብ ቢጠፋ መዝገቡን ዳኛ ያነበዋል። ዙሪያውን እናጥራለን፤ የእትዬ ዘርፉ ቤትም በአጥሩ ውስጥ ይገባል። ፍርዱ እስኪያልቅ ዶዘር እዚህ ድርሽ አይልም።»

የኪዳነወልድ ፊት አመድ መሰለ። «ፍርዱ መቼ ያልቃል?»

«በኛ አገር ቀጠሮ?» አሉ እትዬ ዘርፉ። «የልጅ ልጅህን ሳትድር አያልቅም።»

ኪዳነወልድ የመኪናውን በር በኃይል ዘግቶ ሄደ። እትዬ ዘርፉም በርጩማ አውጥተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡና፣ መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ እያዩት ሳቁበት።